ከአጥር እስከ ዲች፦ 18 ሜትር መሬት የማልበስ ማስታወሻ

ግንቦት 6፣ 2014

ባሕር ዳር ነኝ። ከአጥራችን ውጭ፣ በአጥሩና በውኃ መውረጃው ዲች መካከል ያለችውን ቁራጭ መሬት ዛሬ በሜትር ለካኋት። ርዝመቷ 18 ሜትር፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ20፤ 21.6 ካሬ መሆኗ ነው። ከዲቹ ማዶ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶኑ ማዶ ባጃጆች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ። መንገዱ ሲሠራ የተደፋው ሰሌክት (ጠጠር የበዛበት መሙያ አፈር) እስከ ዛሬ እንዳለ ነው፤ ላዩ ላይ የብሎኬት ስባሪ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ በመሐል በመሐሉ ቅንጨ አረም። በበጋ አቧራዋን ቤታችን ይቀበላል፣ በክረምት ጭቃዋን ዲቹ።

ዛፍ አይሆንም፤ ከላይ የመብራት ሽቦ አለ። ቁጥቋጦም አይሆንም፤ ከበር ስንወጣ የሚመጣውን ባጃጅ ማየት አለብን። የምፈልገው ከጉልበት በታች የሚቀር፣ እየተሳበ መሬቷን የሚያለብስ ነገር ነው። አንድ ዓመት እሰጠዋለሁ።

ግንቦት 8

ችግኝ ከመግዛቴ በፊት ሁለት ነገር ፈተሽሁ።

አንደኛው ውኃ ነው። በመሐሏ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፈርሁ፤ ቆፈርሁ ማለት ይቀለኛል እንጂ ዶማው ሰሌክቱ ላይ እሳት እየተፋ ነው የገባው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውኃ ሞላሁበት፤ 6 ሰዓት ላይ ስመለስ ከግማሽ በላዩ ቁጭ ብሏል። በማንጎው ጥላ በኩል ያለው ጫፍ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጥቁር ዋልካ። አሁን ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተተርትሯል፤ ሐምሌ ላይ ግን ጫማ የሚያስቀር ሊጥ እንደሚሆን ከአምናው አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው እግር ነው። ከ11 እስከ 12 ሰዓት ደጃፍ ተቀምጬ ቆጠርሁ። 37 ሰው ረገጣት፤ 29ኙ በአንድ ቦታ፣ ከበራችን በስተግራ ዲቹ ላይ ድንጋይ በተጋደመባት ማቋረጫ በኩል። ሁለት ባጃጅ የኋላ ጎማውን አሳርፎባት ዞረ። አምስት በጎች አለፉ፤ አንዷ ቆማ ፌስታል አኘከች። አንድ ጎረቤት የልብስ እጣቢ ደፋባት።

ከዚህ በኋላ መሬቷን እንደ አንድ ማየት ተውሁ። ከበሩ ጎን 4 ሜትር መረገጫ፤ ቀጥሎ 8 ሜትር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ፤ ከዚያ እስከ ጫፉ 6 ሜትር የማንጎው ጥላ። ለእያንዳንዱ የየራሱ ተክል እፈልጋለሁ።

ግንቦት 17

ሐይቁ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ዘንድ ዋልሁ። ሁሉም ዘንድ ሁሉም ተክል "አትሞትም" ነው። አንዱን "የትኛዋ ናት የምትሞተው?" ብለው ሳቀና "ውኃ የማታጠጫት" አለኝ።

ኪኩዩ ሣር አሳዩኝ። ደብረ ማርቆስ ዘመዶቼ ግቢ ውስጥ እንደ ፍራሽ ሆኖ አውቀዋለሁ፤ ግን እሱ የደጋ ሣር ነው፤ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ 1,800 ላይ ነን። እዚህም ይበቅላል፣ ያየሁት ሁሉ ግን ቱቦ ከጎኑ ያልተለየው ነው። ቬቲቨር የሚባለው ሣርም አለ። ሥሩ ቀጥ ብሎ ብዙ ሜትር ይወርዳል፤ ተዳፋት ለመያዝ የሚስተካከለው የለም፤ ሆኖም ቆሞ የሚያድግ እንጂ የሚሳብ አይደለም፣ ከጉልበትም በላይ ይሄዳል። ቀረ።

የወፍ ቆሎ በቢጫና በሮዝ አበባ ተደርድሮ ሲሸጥ ማየት ገረመኝ። ከብት ከበላው ይታመማል፣ ፍሬውን ወፍ ትበትነዋለች፣ ያልተከለው ሰው አጥር ሥር ይበቅላል። ገንዘብ ከፍዬ የማመጣው ተክል አይደለም።

የገዛሁት ይኸው ነው። ፖርቹላካ፤ ቅጠሏ ወፍራም፣ ውኃዋን ግንዷ ውስጥ የምትይዝ፣ አበባዋን ፀሐይ ሲበረታ የምትከፍት። "ሐምራዊ" ብቻ ብለው የሚሸጧት፣ መጽሐፍ ትራዴስካንሺያ የሚላት፤ ግንዷም ቅጠሏም ወይን ጠጅ። ሦስተኛዋ ዌዴሊያ፤ አንጸባራቂ አረንጓዴ ቅጠል፣ ትንንሽ ቢጫ አበባ፣ ሻጩ ዘንድ ያለችበትን ሳጥን አልፋ መንገዱን የጀመረች። እውነቱን ለመናገር ልቤ የሄደው ከእሷ ጋር ነው።

ሰርዶ የሚሸጥ የለም። ማን ይገዛዋል!

ግንቦት 28

ቁፋሮ አለቀ። ሁለት የቀን ሠራተኛና እኔ፣ ሦስት ቀን። ሰሌክቱን 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ አወጣን፤ ድንጋዩን ከዲቹ ወገን እንደ ክትር ደረደርነው። ከጓሮ አፈር፣ ከዘመድ ሁለት ኩንታል የበሰለ ፍግ። ዋልካውን አልቆፈርሁትም፤ አጥሩን ተከትዬ ጠባብ ቦይ ብቻ አወጣሁለት፣ ውኃው ወደ ታች እንዲወጣ።

ጎረቤታችን እማሆይ ከበራቸው ሆነው ሲያዩን ቆዩ። ተወልደው ያደጉት ምሥራቅ ጎጃም፣ እነማይ ነው። "አንቺ ልጅ፣ ምን ልትዘሪ ነው?" አሉኝ። አበባ አልኋቸው። "አክርማ አድርጊበት እንጂ! በግ አይደፍረው፣ እግር አይገድለው" አሉ። አክርማን እስከዚያ ቀን የስፌት ሣር ብቻ አድርጌ ነበር የማውቀው። ለካ ግጦሽ ላይ ሌላው ተግጦ ሲያልቅ ቆሞ የሚቀረው እሱ ነው፤ ሲጎለምስ ቅጠሉ ስለሚጠነክር ከብት ይተወዋል።

ሰኔ 9

ሁለት ቀን ተከታትሎ ዘነበ። ተከልሁ።

በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ብተክል ለካሬ 11 ቁራጭ፣ ለሁሉም ወደ 240 ያስፈልገኛል። ሁሉንም መግዛት ስላላማረኝ ከገዛኋቸው ላይ እየቆረጥሁ አበዛሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት አንጓ፤ ሁለቱ ከአፈር በታች፣ አንዱ በላይ።

ፀሐይ ላይ፦ 4 ሜትር ዌዴሊያ፣ ሜትር ተኩል ፖርቹላካ፣ ሜትር ተኩል ስኳር ድንች (ሐረጉ መሬት ያለብሳል፣ ድንቹ ትርፍ ነው ብዬ)፣ የቀረችው 1 ሜትር ደግሞ ዘመዴ ከደጋ ከነሥሩ ላመጣልኝ ጦስኝ። ጥላው ሥር ሐምራዊዋ፤ ስቆርጣት የወጣው ፈሳሽ እስከ ማታ እጄን አሳከከኝ፣ ሁለተኛ ያለ ጓንት አልነካትም። በዲቹ ጠርዝ፣ ድንጋዩን ተከትሎ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከመሸንቲ ወዲህ ካለ ግጦሽ ዳር ባለቤቱን አስፈቅደን የነቀልነው 9 ዘለላ አክርማ። በሁለቱ ማዕዘን እሬት፤ ባጃጅ እሾሁን ያከብራል ብዬ።

መረገጫው ላይ ሰርዶ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ነቅዬ፣ ሐረጉን በጣት ርዝመት ቆራርጬ፣ እንደ ዘር በትኜ አፈር ነሰነስሁበት። "እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው አህያ የት እንዳለች እንጃ እንጂ ብታየኝ ትደሰት ነበር።

ሰኔ 27

ስኳር ድንቹ የለም። ትናንት ማታ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ሜትር ተኩል ባዶ አፈርና የበግ ኮቴ። አንዲት ቅጠል እንኳ አላስተረፉም። ፖርቹላካንም ቀምሰዋታል፣ ግን ጥለው የሄዱት ስብርባሪ አፈር በነካበት ሁሉ ቆሟል። ስኳር ድንች መንገድ ዳር መትከል ለበግ ምሳ ማዘጋጀት መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ። ሰው የሚበላው ቅጠል በግ የማይበላበት ምክንያት የለም።

ሐምሌ 8

ዌዴሊያ እየሮጠች ነው። በአራት ሳምንት መሬቷ አይታይም። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ስሟን ይጠይቃል፤ ሁለት ሰው ቁራጭ ለመነኝ፣ ሰጠሁ። ያለኝ ዕቅድ በስኳር ድንቹ ቦታም እሷን መቀጠል ነው።

ሐምሌ 15

ትናንት ማታ የጣለው ዝናብ ዲቹን ሞልቶ ክትሩን ዘለለ። ጠዋት ስወጣ የዌዴሊያው ጠርዝ ተገንጥሎ ሄዷል። ብዙም አልከፋኝም፤ ትተካዋለች። ከዚያ የት ደረሰ ብዬ ዲቹን ተከትዬ ወረድሁ።

ከቤታችን ስልሳ እርምጃ ያህል ታች፣ ቆሻሻ የታገደበት ቦታ፣ አንድ ቁራጭ አገኘሁ። አንስቼ አየሁት፤ እንደ መዳፍ የረዘመ፣ ሁለት አንጓ ያለው። ከእያንዳንዱ አንጓ ሥር እንደ ጥጥ ክር ነጫጭ ሥር ወጥቶ ደለሉን ይዟል። የትናንቱ ሊሆን አይችልም። ከዚህ በፊት፣ እኔ ሳላውቅ፣ ምናልባት ስከረክማት የወደቀ ነው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ ሌላ። ሦስተኛው አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

ይህ ዲች ወዴት እንደሚሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጣና ነው የሚገባው።

ቤት ገብቼ ስለ እሷ ያለውን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን። ትውልዷ መካከለኛው አሜሪካና የካሪቢያን ደሴቶች ነው። በዓለም ላይ እጅግ አስቸጋሪ ተብለው በተመዘገቡት 100 ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አለች። እርጥብ ዳርቻ ትወዳለች፤ ለመባዛት ዘር እንኳ አያስፈልጋትም፣ ቁራጭ ይበቃታል። እኛ ደግሞ እምቦጭን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ አበባው የሚያምር፣ በየዓመቱ ሰው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚያወጣው። ሌላ ቢጫ አበባ ያለው እንግዳ ሐይቁ ዳር ያደረሰ ሰው መሆን አልፈልግም።

ሐምሌ 17

ነቀልኋት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ለመትከል ሁለት ሰዓት ነበር። አፈሩን እየወነፍሁ ሥሯን ለቀምሁ። አራት ማዳበሪያ ሞላች፤ አፉን አስሬ ቆርቆሮ ላይ አሰጣኋት፣ ቡላ ሆና እስክትደርቅ አይወርድም። ዲቹ ውስጥ ያሉትንም እስከ ድልድዩ ሄጄ ነቀልሁ። ቁራጭ የሰጠኋቸው ሁለት ሰዎች ዘንድም ሄድሁ፤ አንዷ ሰማችኝ፣ አንዱ "ቀናሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

ያን ቀን ሐምራዊዋንም በጥርጣሬ ማየት ጀመርሁ። እሷም ከቁራጭ ትበቅላለች። ከዲቹ በሜትር ትርቃለች፣ በመካከል ድንጋይና አክርማ አለ፣ አካሄዷም ዝግ ያለ ነው። ወደ ጠርዙ የመጣውን እየቆረጥሁ ለማቆየት ወሰንሁ። ሌላ ሰው በዚህ ላይ ባይስማማኝ አልከራከርም።

ነሐሴ 21

ጦስኙ በሰበሰ። ከታች ጠቁሮ፣ ሲነካ ከሥሩ እንደ እርጥብ ወረቀት ይለያል። የደጋ ብርድና ድንጋያማ መሬት የለመደ ተክል ሁለት ወር ሙሉ እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ምን ያድርግ። የተረፈችውን አንዲት ጭራሮ ሸክላ ውስጥ አድርጌ መስኮት ላይ ሰቀልኋት፤ ለሻይ።

ዋልካው ላይ ያወጣኋት ቦይ ሠርታለች። ሐምራዊዋ ከላይኛው ግማሽ ደኅና ናት፤ ከታች ውኃ በቆመበት ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል።

በባዶው ቦታ ሁሉ የውሃ አንቁርና እንግጫ ወጣ። ከጓሮ ካመጣሁት አፈር ጋር ነው የመጣው። የውሃ አንቁሩ እየተነቀለ ከአጥሩ ላይ ሲጣል እዚያው አጥሩ ላይ ሰማያዊ ያብባል፤ እልኸኛ ነው።

ጳጉሜን 5

ዛሬ የሳቅሁትን ያህል ሰሞኑን አልሳቅሁም። እማሆይ ሰፈሩ ውስጥ ያሉ አራት ልጃገረዶች አስከትለው መጡ። በእሳቸው አገር በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ይነቀላል። ባሕር ዳር ላይ ልጆቹ ወሬውን እንጂ ሥራውን አያውቁትም። "እንግጫ ያለው የእሷ ደጅ ነው" ብለው አስገቧቸው። ከሥሩ ያዝ፣ ጠምዘዝ፣ ሳብ። ነጭ እግሩ ከአፈሩ እየተላቀቀ ሲወጣ "ጭ" የሚል ድምፅ አለው። እማሆይ ግጥሙን አንድ በአንድ ይሰጧቸዋል፣ እነሱ ይቀበላሉ። እኔ ሁለት ሳምንት በመኮትኮቻ የተጣላሁትን አረም በአንድ ሰዓት ጨርሰው፣ ነዶ አስረው፣ እያዜሙ ሄዱ።

የቀረው ከአፈር ሥር ያለው ድቡልቡል ሥሩ ነው፤ እሱ ካልወጣ ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ ከርሞም ይመጣሉ።

ጥቅምት 19፣ 2015

ዝናቡ ከቆመ ወር ሊሞላው ነው። ዌዴሊያና ጦስኝ በለቀቁት ቦታ ፖርቹላካ ተክዬበታለሁ፤ በጎቹ ከበተኑት ስብርባሪ። ሰርዶው ማንም ሳያየው መረገጫውን ጨርሶ ወደ ፀሐዩ ክፍል አንድ ሜትር ገብቷል። ከእንጨት ጠርዝ በታች ያልፋል፤ ከላይም በሐረጉ ከታችም በሥሩ ስለሚሄድ አንዱን ስትዘጋበት በሌላው ይመጣል። በድንበሩ ላይ በወር አንዴ በአካፋ ቀጥ አድርጌ እቆርጠዋለሁ።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር፤ ታቦቱ በአስፋልቱ ሲያልፍ ሕዝቡ እኛ መንገድ ድረስ ሞላ። ዛሬ ቆጠራ።

ሰርዶ፦ ተደፍጥጧል፣ ነገ ይነሣል። አክርማ፦ 9ኙም አሉ፤ ሰው ተቀምጦባቸው ነበር፣ አንዱ ላይ የሸንኮራ ልጣጭ ተከምሯል። እሬት፦ አንድ ቅጠል ተሰብሯል፣ ለቁስል ተወስዶም ሊሆን ይችላል። ፖርቹላካ፦ ግማሹ ጭማቂ ሆኗል። እሷን የሚረግጥ እግር ካለ አትችልም፤ በልምላሜዋ ነው የምትሰበረው። ሐምራዊ፦ በአጥሩ ጥግ ስለሆነች ማንም አልነካትም።

መጋቢት 10

ለ21.6 ካሬ በካሬ 5 ሊትር ላጠጣ ብል 108 ሊትር ነው፤ አምስት ጀሪካን ተኩል። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ 11 ጀሪካን። ቧንቧችን በተራ ለሚመጣበት ቤት ይህ ቀልድ ነው። ስለዚህ ከጥር ወዲህ ምንም አላጠጣሁም።

ሰርዶው የገለባ መልክ ይዟል፤ ሐረጉን በጥፍሬ ስፍቀው ውስጡ አረንጓዴ ነው። አክርማው እንዳለ። ፖርቹላካ አንሳና ቀይ ቀይ ብላ ዘሯን በትናለች። ሐምራዊዋ በአቧራ ግራጫ ሆናለች፣ ግን አለች። እጣቢ የሚደፋበት ቦታ ላይ ብቻ ሰርዶውም ጭምር ሳስቷል። ጎረቤቴን ውኃውን ከማንጎው በኩል ቢደፋው ብዬ ለመንሁት፤ አልተቆጣም፣ "የለመደ እጅ ነው" አለኝ። ግማሹን እዚያ ይደፋል።

ሚያዝያ 22

ከሥራ ስመለስ ፀሐዩ ክፍል መሐል ለመሐል ተቆፍሯል። ቧንቧ ሊዘረጉ የመጡ ሰዎች፤ ማንንም አላንኳኩም። 5 ሜትር ርዝመት። ከታች የነበረው ሰሌክት ከላይ ሆኖ፣ እኔ የሠራሁት አፈር ታች ተቀብሮ ተደፍኗል። ሦስት ዘለላ አክርማ ተነቅሎ ከነሥሩ ዲቹ ውስጥ ወድቋል። አወጣኋቸው፤ ቅጠላቸውን አሳጥሬ እርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቀለልኋቸው። የፖርቹላካው ነገር አበቃለት።

ግንቦት 16

ከሚያዝያ መጨረሻ ወዲህ ሦስት ጊዜ ካፊያ ነበር። ሰርዶው ከመረገጫው ተነሥቶ በተደፈነው ሰሌክት ላይ 35 ሳንቲ ሜትር ሄዷል፤ ዛሬ በሜትር ለካሁት። ሐረጉ ድንጋዩን እየዞረ፣ አንጓው ትንሽ አቧራ ባገኘበት ሥር እየጣለ። መጀመሪያ በአካፋ ልመልሰው ብዬ አካፋውን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ድንበሩን ራሱ ሲባጎውን ነቅዬ ወደፊት ወሰድሁት፤ አምስቱን ሜትር ለቀቅሁለት። ፖርቹላካ ከአጥሩ ሥር ባለች ጠባብ መስመር ላይ ብቻ ትቀራለች፣ እግር በማይደርስበት።

ሰኔ 2

ማዳበሪያ ውስጥ የቆዩት ሦስቱ አክርማዎች ሁለቱ አዲስ ቅጠል አወጡ፤ አንዱ ደርቋል። ዛሬ ጠዋት እማሆይ ማጭድ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ለአንዲት ሰፌድ የሚሆን ልቁረጥ?" አሉ። ከትልልቆቹ እንዲቆርጡ ፈቀድሁ፤ በግራ እጃቸው ዘለላውን ሰብስበው፣ ከመሬት አራት ጣት አስቀርተው ቆረጡ። ከቆረጡ በኋላ የመሐሉ ዘለላ ሥሩ በጣም እንደወፈረ አሳዩኝ፤ "ይኸ ሦስት ይወጣዋል፣ ዝናቡ ሲጠነክር በዶማ ክፈይው" አሉ።

አሁን 8 ነው ያለኝ። ስድስቱ ለመከፈል ደርሰዋል። በተደፈነው የቧንቧ ቦይ ዳር፣ በዲቹ በኩል፣ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ 12 ችካል ተክያለሁ፤ አፈሩ ሁለት ቀን ተከታትሎ ሲረጥብ እጀምራለሁ።